ፓርቲ ቀጣን ብለን ከማጨብጨባችን በፊት



አንድ ዓይነት ፖስት አለ፤ በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ይመለሳል። ሚሺጋን ያሉ ሙስሊሞች ዲሞክራቶችን ልክ አስገቧቸው፤ ከእንግዲህ የትኛውም ፓርቲ የሙስሊሙን ድምፅ አይንቅም ይላል። ከሥሩ የወልዲያው፣ የደሴው፣ የኮምቦልቻው፣ የላሊበላው ወጣት "ማሻአላህ" እያለ ይደረድራል። እኛም ብለናል። ከመካከላችን ሼር ያደረጉም አሉ። ዛሬ የምንጽፈው ያችን "ማሻአላህ" መልሰን ልንመረምራት ነው።

ማን ነን? ላሊበላና የላስታ ገጠር ተወልደን ያደግን፣ አሁን ከፊላችን እዚያው፣ ከፊላችን ወልዲያና ደሴ፣ ከፊላችን አዲስ አበባ የምንኖር ወጣቶች ነን። አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፤ በንዴት የተሰጠ ድምፅ አንድን እጩ ሊጥል ይችላል፤ የፓርቲውን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ግን አብሮ አይጥልም። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን አይደለም። በእኛ ስም እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰጥቶ ስለሚያውቅ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ላስታ ላይ ተሰልፈን መረጥን። ልክ በ45ኛው ቀን፣ ሐምሌ 29፣ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላ ገቡ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ያለፈበት ያውቃቸዋል። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። ወፍጮ ስለቆመ እናቶቻችን ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። የስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን እየቆጠረ ያሳንሳል፤ የመጨረሻዋ ስታልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አላህ ይዘንላቸው፤ በጥይት ሳይሆን በዚህ ያለፉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ትግራይ ውስጥም በዚያው ጊዜ መድኃኒትና ባንክ ያጣች እናት ነበረች፤ እሷን ረስተን የራሳችንን ብቻ ብናወራ ፍትሐዊ አንሆንም። ከተማዋ በኅዳር ተለቅቃ እንደገና ተያዘች፤ የመጨረሻው መውጣት የሆነው በታኅሣሥ ነው።

እኛ በዚያ ጨለማ ውስጥ እያለን ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ዝም አላሉም። ይህን ማንም አይክዳቸውም። ፕሬዚዳንት ባይደን በመስከረም 7 ቀን 2014 የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የማስወጣት ወሬም ይናፈስ ነበር። አጎዋ ከአፍሪካ የሚላክ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ኢትዮጵያዊ ተቆጣ። "ኖ ሞር" ተባለ፣ ሰልፍ ተወጣ። ቨርጂኒያ ደግሞ የአገረ ገዥ ምርጫ ነበራት። ለዓመታት ለዲሞክራቶች ሲመርጥ የኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚህ ዓመት ዲሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን እንቅጣው፣ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን እንስጥ አለ። ያንግኪን አሸነፈ። ደስታ ሆነ። "ባይደን ትምህርት አገኘ" ተባለ።

ስልክ ሲመለስልን እኛም ሰማን። ወላሂ ደስ ብሎን ነበር። ሰው እኛን አስቦ ድምፁን ሰጠ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ቆይተን ግን ቀኑን አየን።

የቨርጂኒያ ምርጫ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 2014። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣለሁ የሚለውን ደብዳቤ ለኮንግረስ የጻፉት መቼ ነው? በዚያችው ቀን። ሰው ሊቀጣቸው ሲሰለፍ እሳቸው የሚያስቀጣቸውን ነገር ይፈርሙ ነበር። ውጤቱ ከታወቀ በኋላስ አስደነገጣቸው? ሁለት ወር ሙሉ ጊዜ ነበራቸው። አላስደነገጣቸውም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች አስቀድሞ በኅዳር ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር፤ ምክንያት ያደረገው የጦርነቱን መባባስ ነው። የእኛው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በጦርነቱ ተዘርፏል። ከወሎ ገጠር ወጥተው ስፌት ለምደው የነበሩ እህቶቻችን መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት እንኳ የአሜሪካው ገበያ እንደ ድሮው አልጠበቃቸውም።

"ፖሊሲ በአንድ ሌሊት አይቀየርም፣ ጊዜ ስጡት" የሚል አለ። እንስጠው። የማዕቀቡ ትእዛዝ ምን ሆነ? ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023ም በመስከረም 2024ም ታደሰ። ያደሱት እነዚያው የተቀጡት ዲሞክራቶች ናቸው። ፕሪቶሪያ የተፈረመው፣ የቀን ነገር ሆኖ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ ከቨርጂኒያው ምርጫ ልክ በዓመቱ። በዚያ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ሆኗል። የጦር ሜዳው ተገለባብጧል፣ ድሮን መጥቷል፣ የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዓይን ወስዷል፣ ሁለቱም ወገን ደክሟል። ከእነዚህ መካከል የቨርጂኒያን የድምፅ ሳጥን ፈልጎ የሚያገኝልን ካለ ያሳየን።

ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት በጣም ቀላል ስለሆነ ስንጽፈው እንኳ ያሳፍራል። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ የውጭ ጉዳይ ሥልጣን የለውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው መግለጫ ተናዶ የላስታ ወረዳን አስተዳዳሪ እንደማውረድ ነው። አስተዳዳሪው ይወርድ ይሆናል፤ መግለጫው ግን ቦታው ላይ ነው።

ሌላው፣ ቅጣቱ የተቀጪው ጆሮ አልደረሰም። ያንግኪን ያሸነፈው ከ63 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ልዩነት ነው። ዲሞክራቶች ለምን ተሸነፍን ብለው ሲመረምሩ ያወሩት ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወላጆች መብት፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸውን ፌርፋክስንና አሌክሳንድሪያን ማኮሊፍ ተሸንፎም ቢሆን በሰፊ ልዩነት ወስዷቸዋል። ታዲያ ፓርቲው ካርታውን ዘርግቶ ሲያይ የኢትዮጵያውያንን ቁጣ የት ጋ ያየዋል? ቁጣህን የሚያውቀው አንተና ጓደኛህ ብቻ ከሆናችሁ ቅጣት አይባልም።

ደግሞም ኢትዮጵያዊው አንድ አልነበረም። የትግራዩ ተወላጅ በተቃራኒው ጎን ቆሞ እነዚያኑ ዲሞክራቶች "ጠበቅ አድርጉ" ይል ነበር። አንዱ የሰጠውን ሌላው ያጣፋዋል። ፓርቲ ደግሞ እርስ በርስ ለሚጣፋ ድምፅ ፖሊሲ አይለውጥም።

ወደ ኋላ አንድ ዓመት ብቻ እንመለስና ሌላ ነገር እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥልጣን ላይ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ትራምፕ ናቸው። በህዳሴው ግድብ ድርድር ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጥ እርዳታ ያገደው የእሳቸው መንግሥት ነው። በጥቅምት ወር ደግሞ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ያኔም ተቆጥተን ነበር፤ ያኔም "ሪፐብሊካኖችን እንቅጣ" የሚል ነበር። በዓመቱ "ዲሞክራቶችን እንቅጣ" ሆነ። ሁለቱንም ፓርቲ በየተራ የሚቀጣ መራጭ ለሁለቱም የማይታመን ደንበኛ ነው። ዛሬ ቢመጣ ነገ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ማንም ዕቃውን አያሳይለትም።

እዚህ ጋ "እንግዲህ ድምፅ ዋጋ የለውም ልትሉ ነው" የሚል ወንድም ይኖራል። አንልም። ዋጋ ያገኘበትን ቦታ እናውቀዋለን፤ ከዚያው ከአሜሪካ፣ ከእነዚያው ወገኖቻችን።

ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ የምትባል ከተማ አለች፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ይኖርባታል። የአካባቢው የኮንግረስ ተወካይ ማይክ ኮፍማን የሚባል ሪፐብሊካን ነበር። ወንበሩ በጠባብ ልዩነት የሚያዝ ወንበር ነው፤ አንድ ሠፈር ቢያኮርፍ ይወድቃል። ኢትዮጵያውያኑ ይህን አወቁ። አገር ቤት ውስጥ ወጣት እየታሰረና እየተገደለ ባለበት በዚያ ጊዜ ሰውየውን ያዙት። ቢሮው ሄዱ፣ ስብሰባቸው ላይ ጠሩት፣ የሚፈልጉትን በስሙ ጠሩለት፤ ኤችአር 128 የሚባለው የውሳኔ ሐሳብ ይለፍ። እሱም ሐሳቡን ካቀረቡት ከክሪስ ስሚዝ ጋር ሆኖ ገፋው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018 አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ አናጋንነው። ኮፍማንም በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸንፎ ወጣ። ግን ልብ በሉ፣ ፓርቲ ለመቅጣት አልተነሱም። አንድን ሰው፣ ወንበሩ ላይ እያለ፣ ገና ሳይወስን፣ አንድ የተቆረጠ ነገር ነው የጠየቁት። አገር ቤት ላይ ባነር ይዞ ፎቶ ከመነሳት ይህ ያሰለቻል። ቀጠሮ ማስያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ እንደገና መደወል ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ሰው እምብዛም አያወራውም፤ እኛ ግን ከቨርጂኒያው ይልቅ ይህን ማውራት ነበረብን ብለን እናምናለን። በየካቲት 2014 ኤችአር 6600 የሚባል ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አለፈ። ይኼኛው እንደ 128 ባዶ ቃል አልነበረም፤ ማዕቀብን በሕግ የሚያጸና ነበር። ወገኖቻችን በየምርጫ ክልላቸው ለየተወካያቸው ደወሉ፣ ጻፉ፣ ቢሮ ተመላለሱ። ረቂቁ ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በመጋቢት የተኩስ ማቆሙ መታወጁም ረድቷል፤ ስልኩ ብቻውን አቆመው አንልም። ግን ስልኩ የደረሰው ውሳኔው ገና በእጅ እያለ ነው፤ የቨርጂኒያው ድምፅ የደረሰው ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ነው። ረቂቁን ያቀረበው የኒው ጀርሲው ቶም ማሊኖውስኪ በኅዳር 2022 ምርጫ ተሸነፈ፤ ያን ጊዜም "ጣልነው" ተባለ። ሲወድቅ ፕሪቶሪያ ከተፈረመ ስድስት ቀኑ ነበር። የሞተ ረቂቅ ባለቤትን መጣል ለማን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ሚሺጋን እንሂድ፤ ልብ የሚነካው እሱ ነውና።

የጋዛ ነገር የሁላችንም ቁስል ነው። ሚሺጋን ያሉ ወንድምና እህቶች መጀመሪያ የሠሩትን ሥራ እናደንቃለን። እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2024 በዲሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ላይ ባይደንን ከመምረጥ ይልቅ "አልወሰንንም" የሚለውን ሳጥን ሞሉ። ከ100 ሺህ ሰው በላይ! ጥያቄያቸው የታወቀ ነበር፤ ተኩስ ይቁም፣ መሣሪያ አይላክ። ጊዜውም ትክክል ነበር፤ ዋናው ምርጫ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል፣ ፓርቲው ሊያስተካክል ይችላል። ይህ ንዴት ብቻ አይደለም፤ አስቦ የተሰነዘረ ነው።

ፓርቲው አልሰማም። የዲሞክራቶቹ ጥፋት ነው፤ ማንም አያድናቸውም። ከዚያ በኅዳር ዲርቦርን ላይ ትራምፕ ከሃሪስ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ጂል ስታይን ሦስተኛ ሆነች። ትራምፕ ሚሺጋንን በ80 ሺህ ገደማ ልዩነት ወሰዱ። እዚህ አገር ያለው ወጣት "ማሻአላህ" ያለው ይህን ነው።

ቀጥሎ ምን መጣ? እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2025 ትራምፕ ከኔታንያሁ ጎን ቆመው አሜሪካ ጋዛን ትወስዳለች፣ ሕዝቡም ሌላ ቦታ ይሰፍራል አሉ። ሱብሃነላህ! ይህንን ነበር የመረጥነው? "ተኩስ አቁሙ በእሳቸው ጊዜ መጣ" የሚለን አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2025 መጣ፤ እውነት ነው፣ የትራምፕ መልእክተኛ መግፋቱም እውነት ነው። በመጋቢት 18 ግን ቦምቡ ተመለሰ፤ ያኔ ዋይት ሐውስ ውስጥ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

ከተቃራኒው ወገን የሚነሳውን ጠንካራ ነጥብ አንደብቅም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 መጨረሻ በአሜሪካ ሴኔት ለእስራኤል የሚላክ መሣሪያ ይታገድ የሚለውን ሐሳብ 27 የዲሞክራት ወገን ሴናተሮች ደገፉት፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ይህ አይታሰብም ነበር። "ይኸው፣ ቅጣቱ ሠራ" ይባላል። እኛ የምናየው ሌላ ነው። ሴናተሮቹን ያንቀሳቀሰው ፓርቲውን ጥሎ የሄደው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሄደ ሰው ማን ይጨነቃል? ውስጥ የቀረው ነው የሚያስጨንቃቸው፤ በሚቀጥለው የውስጥ ምርጫ ተቀናቃኝ የሚያስነሳባቸው፣ በየስብሰባው እጁን የሚያወጣ፣ በየሳምንቱ የሚደውል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ሐሳቡ አላለፈም። እስከዚያ ድረስ በጋዛ ስንት ሰው አለቀ?

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ከመሰለህ፣ ወንድሜ፣ ላስታ ውስጥ ሴፍቲኔት ላይ ያለ ጎረቤትህን ጠይቀው። የላስታ ደጋ በደህናው ዘመን እንኳ አመቱን በራሱ እህል የሚያደርሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት፣ ስንዴው ተዘረፈ ብሎ፣ ለመላው ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ አቆመ፤ የተመለሰው ወደ ታኅሣሥ ገደማ ነው። በሥልጣን ላይ የነበሩት ዲሞክራቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ትራምፕ ገብተው የውጭ እርዳታን ባጠቃላይ አገዱ፤ በሐምሌ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። እኚህ ሪፐብሊካን ናቸው። አንዱን ፓርቲ ለመቅጣት ሌላውን ስታመጣ፣ የሚመጣው ንዴትህን ብቻ ተሸክሞ አይመጣም፤ የራሱን ጓዝ ይዞ ይመጣል። ጓዙ የሚራገፈው ደግሞ ድምፁን በሰጠው ሰው ደጃፍ ላይሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ያለው ወገናችን ስንዴ ተሰልፎ አይቀበልም።

ወገኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍነው። ወቀሳው ለራሳችን ነው፤ እስካሁን የመጣነው እዚህ ለመድረስ ነው።

እኛ የሚሺጋንን ውጤት በወረዳ በወረዳ እናውቃለን። እስቲ ይህን መልሱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2023፣ በእኛ ጥቅምት 16 ቀን 2016፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ጋዛ ሰብዓዊ ተኩስ ማቆም ድምፅ ሰጠ። 120 አገር ደገፈ፣ 14 ተቃወመ፣ 45 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ኢትዮጵያ የት ነበረች? ከ45ቱ መካከል። ይህን ያወቀ ስንት ወጣት አለ? ያወቀውስ የምርጫ ክልሉን ተወካይ ጠይቋል? ፓርላማችን እኮ የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለው። ለባይደን የተናደድንበትን ሩብ ያህል ለራሳችን መንግሥት አንድ ጥያቄ አላዋጣንም።

ከጋዛም ቀርበን እንምጣ። ከላስታ፣ ከራያ፣ ከዋድላና ከሐብሩ ወጥቶ፣ በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። ይህን መንገድ የማያውቅ የወሎ ቤተሰብ የለም። ነሐሴ 2015 ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገደሉ የሚል ሪፖርት አወጣ። ሳዑዲ አስተባበለች። የእኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር ሆነን እንመረምራለን፣ እስከዚያ ግምት ከመስጠት ተቆጠቡ፣ ግንኙነታችን የቆየ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ከዚያስ? ከዚያ እኛም ዝም አልን።

ለምን ዝም አልን? እውነቱን እንነጋገር። አንዳንዶቻችን "ሐረመይን ያለበት አገር ነው፣ አፍ አይከፈትበትም" ብለን ነው። የሐረመይን ክብር ሌላ፣ የድንበር ጠባቂ ጥይት ሌላ። መካ የሁላችንም ናት፤ ጠመንጃው ግን የመንግሥት ነው። ለጋዛ ልጅ ያለቀሰ ዓይን ለሐብሩ ልጅ ከደረቀ ችግሩ ዓይኑ ጋ ነው። በመጋቢት 2014 ከሳዑዲ ወደ 100 ሺህ ዜጎችን ለመመለስ ስምምነት ሲደረግ ስለ አቀባበሉ፣ ስለ ሥራው፣ እዚያ በእስር ስለቀሩት፣ "ተወካያችን ምን ብለሃል?" ያለ የለም። ይኸኛው የውጭ ፖሊሲ እኮ ቨርጂኒያ ሳይሆን ወልዲያ ላይ ነው የሚያርፈው።

"ጥያቄ ብንጠይቅስ ማን ይሰማናል? ይህ አሜሪካ አይደለም፤ ገዥው ፓርቲ በ2013 ምርጫ ከ436 ወንበር 410 ወስዷል" ትሉ ይሆናል። ትክክል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ አማራ ክልል ያለበትን ሁኔታም የምታዩት ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት አገር ስለ ምርጫ ማውራት ራሱ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። እኛም ምርጫ ሁሉን ይፈታል የምንል የዋሆች አይደለንም።

ግን ይህ ሕዝብ ከዚህ በጠበበ ጊዜ ምን እንዳደረገ እናስታውስ። በ2004 "ድምፃችን ይሰማ" ሲባል ጥያቄው ሦስት ነበር፤ የመጅሊስ ምርጫ፣ አወሊያ፣ አሕባሽን በግድ መጫን ይቁም። ሕፃን ልጅ በቃሉ ይዞት ነበር። አራተኛ አልተጨመረበትም፤ በየዓመቱ አልተቀየረም። ሰው ታሰረ፣ ሰው ሞተ፣ ጥያቄው ግን እዚያው ነበር። በ2012 የመጅሊሱ ማቋቋሚያ በአዋጅ ቁጥር 1207 ሲጸድቅ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። ያኔ የምርጫ ካርድ እንኳ አልያዝንም። የያዝነው የማይለዋወጥ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ እኛ ከጓደኞቻችን ጋር ተነጋግረን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጽፈናል። አንዱ የሳዑዲ ድንበር ግድያ ምርመራ ምን ደረሰ፣ ውጤቱስ ለምክር ቤት ቀርቧል ወይ የሚል ነው። ሌላው አገራችን ስለ ፍልስጤም በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ስትሰጥ ወይም ስትታቀብ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር የሚል ነው። የጋሸና ላሊበላን መንገድ አልረሳነውም፤ እሱን የሚጠይቅ ሞልቷል። እጩ ሆኖ የሚመጣ ሁሉ፣ የገዥው ፓርቲም ይሁን የተቃዋሚ፣ ካርዳችንን ከመጠየቁ በፊት ወረቀቱ ይሰጠዋል። የመለሰውን ከስሙ ጎን እንጽፋለን። ያሸነፈው ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት መልሶ ያየዋል፤ የተሸነፈውም ይቀመጥለታል፣ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና።

ደሴም፣ ወልዲያም፣ ኮምቦልቻም ያላችሁ የራሳችሁን ጨምሩ፤ ከሁለት ግን አታብዙት።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር "ማሻአላህ" አትጻፉልን። የምርጫ ክልላችሁን የፓርላማ ተወካይ ስም ጻፉ። የማታውቁ "አላውቅም" በሉ፤ ነውር የለውም። እኛ ስንጀምር ከአምስታችን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።